ከቆላ ወደ ደጋ፦ ግልገል በለስ ሆኜ የተማርኳቸው

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግልገል በለስ ሙቀቷ ሌሊትም አይለቅም። ቀን የጋለው ቆርቆሮ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን ይተፋል፤ ብዙ ሰው ፍራሹን አውጥቶ በረንዳ ላይ ያድራል። እንዲህ ባለው ወቅት የቻለ በቻግኒ በኩል ወደ እንጅባራ ይወጣል። አንዱ ለዘመድ ጥየቃ፣ ሌላው ለጉዳይ፣ አንዳንዱም አየር ለመለወጥ ብቻ። እኔም በሥራም በእረፍትም፣ ብቻዬንም እንግዳ አስከትዬም ይህን ዳገት ስወጣ ስወርድ ኖሬአለሁ። ጉዞ ያሰበ ሰው በመጣ ቁጥር የምመክረውን ነው እዚህ ያሰፈርኩት።

ከሙቀት ሸሽቶ ወደ ደጋ መውጣት የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም፤ እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ የሜዳው ሙቀት ሲበረታባቸው ሒማላያ ላይ ወደቆረቆሯቸው ከተሞች ይወጡ ነበር። ሺምላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 የበጋ ዋና ከተማቸው ሆነች፤ በ1903 ደግሞ ዳገቱን እየተጠማዘዘ የሚወጣ ባቡር ተዘረጋላት። ዛሬም ህንዳውያን ቤተሰቦች ሙቀት ሲጀምር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እነዚህ ከተሞች ይጎርፋሉ። እንጅባራ በከፍታ ከሺምላ ትበልጣለች እንጂ አታንስም። ልዩነቱ አገራችን ውስጥ ቤተ መንግሥቱም፣ ገዳሙም፣ ትልልቁ ገበያም ለዘመናት ደጋ ላይ መኖሩ ነው። ቆላው የወባና የበረሃ ስም ተሰጥቶት ከጉዞ ካርታ ወጣ። ተጓዡ ከላይ ይጀምራል፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ደክሞታል፣ የሕዳሴ ግድብን በሩቁ ጠይቆ ይመለሳል። ይህ እንዲለወጥ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

1. ከታች ጀምሩ

ግልገል በለስ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ታልፋለች። ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ በለጥ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ዘጠኝ ዐሥር ዲግሪ ይቀንሳል። ከላይ የሚመጣ ሰው ልብሱን እያወለቀ፣ ላቡን እየጠረገ ስለሚደርስ ቆላውን ገና ሳያየው ይጠላዋል። እኛ ዘንድ አድሮ የሚነሳ ግን ማሽላውን፣ ሰሊጡንና ማንጎውን አይቶ፣ ቀምሶ ነው የሚወጣው። ከዚያ በቆሎና ዳጉሳ ይመጣሉ፣ ቻግኒ አካባቢ ቡና ይታያል፣ በመጨረሻም ገብስና ድንች። አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ያልወሰደው ሰው የኢትዮጵያን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ በተራ ያልፋቸዋል።

2. አንድ የገበያ ቀን ለመተከል ስጡ

ዞናችን መተከል ውስጥ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ አማራና ኦሮሞ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ጉሙዝኛ ከናይሎ ሳህራ ቋንቋዎች ይመደባል፤ የሺናሻዎቹ ቋንቋ ኦሞአዊ ነው፤ አገውኛና ኦሮምኛ ኩሻዊ፣ አማርኛ ሴማዊ። ይህን ያህል የተራራቁ ቋንቋዎች በአንድ የበርበሬ ክምር ዙሪያ ሲከራከሩ መስማት ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው ነጋዴ ሁለት ሦስቱን ያውቃል፤ ዋጋ የሚጠራበትን ቋንቋ በገዢው ፊት አይቶ ይመርጣል።

የጉሙዝ ሴቶች ትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፍ ሸክሙን አንጠልጥለው፣ ሚዛኑን ሳያስቱ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። እንግዳ ይህን ሲያይ ወዲያው ስልኩን ያወጣል። ይህን ነገር እንግዶቼን አጥብቄ እከለክላለሁ። ቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ ከያዙት ግዙ፣ አረፍ ብላችሁ ተጫወቱ፤ ፎቶው ከፈቀዱ በኋላ ይደርሳል። ሳይጠየቅ የተነሳ ሰው ፊቱን ሲያዞር ያየሁባቸው ቀናት ዛሬም ይከነክኑኛል።

3. የፓዊን ታሪክ ከሁለቱም ወገን ስሙ

ፓዊ ከግልገል በለስ ቅርብ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ከሀዲያ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አምጥቶ እዚህ አሰፈረ። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ሰጠ፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የጣና በለስ ፕሮጀክትን መንገድና ሕንፃ ሠራ። ሰፈራዎቹ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ፤ ሰው «መንደር ሰባት ነኝ» ይላችኋል። ሆስፒታሉና የግብርና ምርምር ማዕከሉ አካባቢውን ከብዙ የገጠር ወረዳ ለይተውታል።

አንድ የሰፈራ ሽማግሌ የመጀመሪያውን ክረምት ሲተርኩላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ በወባ ስንቱን እንደቀበሩ ይናገራሉ። ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። ጉሙዞች ያደኑበት፣ ማር የቆረጡበት፣ እርሻቸውን እያዘዋወሩ ያረሱበት ምድር ነበር። ወደዚያኛው መንደርም ሄዳችሁ ካልጠየቃችሁ ግማሹን ብቻ ሰምታችሁ ትመለሳላችሁ።

4. ሽመሉንና ቀርከሃውን ጎን ለጎን አስቡ

ለእኔ የዚህ መንገድ ትልቁ ደስታ ይህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅሉት የቀርከሃ ዝርያዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በዚህ ዳገት ጫፍና ጫፍ ላይ ይገኛሉ። የእኛው የቆላው ሽመል ነው፤ ውስጡ ድፍን፣ ቁመቱ መጠነኛ፣ ድርቅ የሚችል። ቤንሻንጉል ጉሙዝ የዚህ ሽመል ዋነኛ አገር ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ጎተራው፣ የንብ ቀፎው ከእሱ ይሠራል። ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለው ለጋ ቡቃያ ይበላል፤ ጎተራ በሚሟጠጥበት ወር ቤተሰብ የሚያሻግር ምግብ ነው። የደጋው ቀርከሃ ደግሞ ውስጡ ክፍት፣ ወፈር ያለና ረጅም፣ ጉምና ብርድ የሚወድ ነው። እንጅባራ አካባቢ በየገበሬው ጓሮ ተተክሎ ይታያል፤ ባለሙያዎቹ ሰንጥቀው ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና ቅርጫት እየሠሩ መንገድ ዳር ይሸጣሉ።

ሽመል ሲያብብ ዜናው ጥሩ አይደለም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳያብብ ይቆይና አንድ ጊዜ ጫካው በሙሉ አብቦ፣ ፍሬውን አራግፎ ይደርቃል። የደረቀው ጫካ እሳት ከነካው፣ ወይም ቡቃያው ሳይጸና ከታረሰ፣ ተመልሶ አይመጣም። በበጋ ሳር የሚቃጠልበት አገር ስለሆነ አደጋው ቅርብ ነው። እንጅባራ ላይ ወንበር ስትገዙ ሠሪውን ስለ ሽመል ጠይቁት፤ እኛ ዘንድ ሽመል የሚቆርጠውን ደግሞ ስለ ቀርከሃ ወንበር። አንዳቸው የሌላውን እንጨት ሲያወሩ ስሰማ ሁለቱ ባለሙያዎች ለአንድ ሳምንት እንኳ አብረው ቢቀመጡ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ አስባለሁ። ድፍኑ ሽመል ለእግርና ለማገር፣ ክፍቱ ቀርከሃ ለጠፍጣፋ ሥራ ይመቻል፤ የሚያገናኛቸው መንገድ ደግሞ ቀድሞም አለ።

5. ቻግኒን ምሳ በልታችሁ ብቻ አትለፉ

ቻግኒ የመሃል ከተማ ናት፤ የቆላውም የደጋውም እህል እሷ ገበያ ላይ ይገናኛል። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ መተከል ውስጥ ብዙ ንጹሐን ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት የተጠለሉት እዚችው ከተማ አጠገብ፣ ራንች በተባለው የከብት እርባታ ቦታ ነበር። የቻግኒ ሰው ከጓዳው እያወጣ አብልቷቸዋል። ያን ጊዜ ዘመዱን ያጣ ሰው ዛሬም አብሯችሁ መኪና ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ስለ ግጭቱ ጎረቤት ተሳፋሪን አትመርምሩ፤ ራሱ ካነሳው በጸጥታ አድምጡት።

6. ጋቢ ያዙ

ከቆላ የሚወጣ ሰው ብርዱን ይንቃል። እንጅባራ ላይ ማታ ጋቢ፣ ጠዋት ጃኬት ያስፈልጋል። ስትመለሱ ደግሞ አጎበር አትርሱ፤ አገራችን ውስጥ ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፣ ደጋ አድሮ የመጣ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ሌሊት ተዘናግቶ ይተኛል።

7. ዘንገና ዳር ተቀመጡ እንጂ አትግቡ

ዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት አጠገብ ነው፤ ከመኪና ወርዶ ጥቂት መራመድ ይበቃል። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት የተፈጠረ፣ ክብ ማለት ይቻላል፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። ይህን ቁጥር ለእንግዶቼ ቀድሜ እነግራለሁ፤ ምክንያቱም ውኃው ዝም ያለ ስለሆነ ያታልላል። እንደ ጣና ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፤ ጥቂት እርምጃ ገብቶ መሬት የሚያጣ ሰው አለ። ዋና የሚያውቅም ቢሆን እዚያ አይዋኝ።

ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ መድረስ ጥሩ ነው። ዙሪያውን በጫካው ውስጥ የሚያዞረውን መንገድ ተራመዱት። ሌላ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ማየት ለሚፈልግ ጥርባም አለ፤ ጊዜ ካጠረባችሁ ግን ዘንገና ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ይሻላል።

8. አረንጓዴ ያያችሁት ሁሉ ጫካ አይደለም

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትነዱ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ ውስጥ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ ኮረብታው ሁሉ በዛፍ ተሸፍኖ ታያላችሁ። እንግዶቼ «እንዴት ያለ ደን ነው!» ይላሉ። ዛፉ ዲከረንስ ነው፤ መነሻው አውስትራሊያ፣ ሥራው ደግሞ ከሰል። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከዚያም መሬቱን እንደገና ያርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ከሰል አንዱ ክፍል ከዚህ የሚጫን ነው።

ይህን አሠራር የነደፈው ከላይ የመጣ መመሪያ አይደለም፤ መሬቱ ኮምጥጦ እህል እምቢ ያለው ገበሬ እያየ፣ ከጎረቤቱ እየተማረ ያስፋፋው ነው። ዛፉ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል፣ ገንዘቡም ቆርቆሮ ቤትና የልጅ ትምህርት ሆኗል። ሆኖም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተክሎ መኖር አደጋ አለው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዝገት የሚመስል በሽታ ዲከረንሱን መትቶ ብዙ ማሳ አድርቋል። አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቆመው «ልጄ፣ እኛ ባንካችን ዛፉ ነበር» ያሉኝን አልረሳውም። እዚያ ስትደርሱ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት የቅጠሉን ቀለም አስተውሉ፤ ወርቃማ ቡኒ የሆነው ኮረብታ የመኸር ውበት ሳይሆን የታመመ ማሳ ነው።

9. ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ጥር 23ን ምረጡ

የጊዮርጊስ ዕለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ የቆየ ሲሆን በዓድዋና ከዚያም ወዲህ በተደረጉ ጦርነቶች ከሰው እኩል የተዋጉትን ፈረሶች ያስታውሳል። ጉግሱና ሽምጥ ግልቢያው ያስደንቃል፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት ነው፤ አባት ለልጁ ኮርቻ ሲያጠብቅ፣ የፈረሱ ጌጥ ሲስተካከል፣ ሽማግሌ ታናሹን ፈረሰኛ ሲመርቅ። ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ፤ በዚያ ሰሞን አልጋ አይገኝም። ከፈረሶቹ የመሮጫ መስመር ራቅ በሉ፤ በተለይ ልጆች ከያዛችሁ።

10. ወደ ግሽ ዓባይ ምንም ሳትቀምሱ ሂዱ

ከእንጅባራ በስተምሥራቅ ሰከላ አለ፤ የዓባይ ምንጭ እዚያ ነው። ምንጩ ጸበል ስለሆነ የበላ ሰው አይጠጋውም። ቁርስ በልቶ የሄደ እንግዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይመለሳል። ስለዚህ በጠዋት፣ ባዶ ሆድ፣ ነጠላ አጣፍታችሁ ሂዱ። ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እዚህ ደርሰዋል፤ የአካባቢው ሰው ግን ከሁለቱም በፊት ምንጩን ሲሳለም ኖሯል። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይረጥቡ ተቀበሉ የሚለውን ትውፊት ካህናቱ ይነግሯችኋል።

እኔ እዚያ ስቆም የማስበው ወደ ቤቴ ስለሚመጣው መንገድ ነው። ምንጩ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል። ቀድሞ ከጣና የሚወጣው ውኃ ሁሉ በባሕር ዳር በኩል በጢስ ዓባይ ይወርድ ነበር። ከ2002 ዓ.ም ወዲህ ግን አንዱ ክፍል ከሐይቁ ምዕራብ ዳር ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የበለስ ጣቢያ ያንቀሳቅስና ወደ በለስ ወንዝ ይፈስሳል። በለስ መተከልን አቋርጦ፣ በከተማችን የሚያልፈውን ግልገል በለስንም ተቀብሎ ከዓባይ ይገናኛል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅም እዚሁ፣ ጉባ ነው። ስለዚህ ሰከላ ላይ በመዳፍ የነካችሁት ውኃ እኛ ቆላ የምንኖረውን ሰዎች ሳያገኝ ሱዳን አይገባም። ከምንጩ ተነስቶ ጣናን ብቻ የሚያይ መንገደኛ ይህን አያገኘውም።

11. መንገዱን ከሦስት ሰው ጠይቁ

ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ መተከል ያሳለፈው፣ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ እንዲዘጋ ያደርጋል። መናኸሪያ ያለ ሹፌር፣ በዚያው ቀን ከመንገዱ የመጣ ተሳፋሪ፣ የምትሄዱበት ከተማ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ፤ ሦስቱም «ሰላም ነው» ካሉ ተነሱ። አንዱ ካመነታ ቆዩ። ከጨለመ በኋላ አትጓዙ፤ መታወቂያ አትርሱ።

12. በላያን አትርሱ

ደጋ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ብቻ የሚወጣ የከተማችን ሰው በስተሰሜን ምዕራብ፣ ዳንጉር ውስጥ፣ ከቆላው ሜዳ ብቻውን የተነሳውን በላያን ይዘነጋል። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ሲገቡ ያመሩት ወደዚህ ተራራ ነበር። ተራራው በአርበኞች እጅ ነበር፤ ውኃና አየርም ነበረው። የእንግሊዛዊው መኮንን የኦርድ ዊንጌት የጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን በግመል አጓጉዞ ደረሰበት፤ መንገዱ መኪና አላሳልፍ ብሎ ነበር፣ በሺዎች ከሚቆጠሩት ግመሎችም አብዛኞቹ በጉዞው አለቁ። ንጉሡ በላያ ላይ ሰፍረው አርበኞችን ተቀበሉ፤ ከዚያ ጦሩ ወደ ቡሬና ደብረ ማርቆስ አቀና፤ ንጉሡም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ሚያዝያ 27 በየዓመቱ ይከበራል፤ በላያ ግን በንግግሮቹ ውስጥ እምብዛም አይነሳም። ያን ጦር ውኃ ያሳየው፣ መንገድ የመራው፣ ሸክም የተሸከመው የዚህ ቆላ ሰው ነው። የልጅ ልጆቹ ዛሬም ማንቡክና በዙሪያው ይኖራሉ። ወደ ተራራው የሚሄድ ሰው ከማንቡክ የአካባቢውን ሰው ይዞ ይነሳ፤ ውኃ ከታች ይያዝ፣ ወራቱም ሣሩ ከመቃጠሉ በፊት ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል። እኔም ከሚቀጥለው ጥቅምት ጀምሮ ድምፅ መቅጃ ይዤ ልሄድ አስቤአለሁ፤ ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችን መጀመሪያ የምጠይቀው የግመሎቹን መንገድ፣ የሰፈሩበትን ምንጭና ሸክሙን የያዙትን ሰዎች ስም ነው።